ባዘቶ የማይጣበቅበት ቦታ

ማንበብ ከመጀመራችሁ በፊት እጅጌያችሁን ሰብስባችሁ ክንዳችሁን አገላብጣችሁ እዩልኝ። የሚያሳክክ ቦታ አይደለም የምፈልገው፤ የሚያምም ቦታም አይደለም። የማያሳክክ፣ የማያምም፣ ስትነኩት ዝም የሚል ቦታ ካገኛችሁ ግን ሥራችሁን አቆዩትና ይህችን ታሪክ እስከ መጨረሻው አንብቡ። እኔ እንዲህ ያለውን ቦታ እያየሁ አልፌው ሁለት ጣቴ ጎብጧል። ለራሴስ እሺ፣ ቻልኩት። እስከ ዛሬ የሚያስፈራኝ ሌላ ነው። በእኔ አፍ ምክንያት አንዲት የላንቴ ሴት እጇን ልታጣ ነበር። «ነበር» ማለቴ ምን ያህል እውነት እንደሆነም ገና አላውቅም።

ስሜ አበበች ነው። የምኖረው አርባ ምንጭ ሲቀላ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ ነው። ባለቤቴ ታደለ የጫኖ ልጅ ነው፤ ሙዝ ሲጭን ይውላል። እኔ ጥጥ እፈትላለሁ። የምፈትለው ከዶርዜ ወርደው ሰፈራችን ውስጥ ሽመና ለሚሠሩት ለጋሽ ሾንካ ነው። የሲቀላን ሙቀት የሚያውቅ ያውቀዋል። በረንዳ ላይ ተቀምጣችሁ እንዝርት ስታሾሩ ላቡ በክንዳችሁ ይወርዳል፤ ባዘቶው፣ ማለት ተነድፎ ለመፈተል የተዘጋጀው ጥጥ፣ ብናኙ እላቡ ላይ ይለጠፋል። ወደ ማታ ላይ ክንዴን ያየ ሰው በግ ነው ይላል።

አንድ ቀን ታደለ ከሥራ ገብቶ አጠገቤ ተቀመጠና ግራ ክንዴን አየ።

«አቤ፣ ሁሉ ቦታ በግ ሆነሽ እዚህ ጋ ብቻ ሰው ነሽ» አለኝ።

አየሁት። ከክርኔ ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ ተቆርጦ የተከፈተ ሎሚ የሚያህል ቦታ ላይ አንድም ጥጥ የለም። ደረቅ ነው። ዙሪያው በላብ ረጥቦ እሱ ብቻ አላላበውም። ከሌላው ቆዳዬ ትንሽ ነጣ ይላል፤ ፀጉርም የለበትም። ሁለታችንም ሳቅን። ስንት ጊዜ እንደዚያ ተቀምጦ እንደነበር እግዚአብሔር ይወቅ።

መድኃኒት ቤት ሄድኩ። ልጁ ከባንኮኒው ማዶ ሆኖ አየና «ቋቁቻ ነው» ብሎ ቅባት ሰጠኝ። ቅባቱ አለቀ፤ ቦታው አልሄደም። ሌላ መድኃኒት ቤት ደግሞ «ጭርት ነው» ብሎ ሌላ ቅባት። እሱም አለቀ። አላመመኝም፣ አላሳከከኝም፤ ምን አስቸኮለኝ? ረሳሁት።

ከዚያ ከክርኔ እስከ ትንሿ ጣቴ ጉንዳን የሚሄድ ይመስለኝ ጀመር። ሰንብቶ ጉንዳኑ እሳት ሆነ። እጄን ትራስ ላይ ባስቀምጠው፣ ውኃ ውስጥ ብነክረው፣ ይነዝረኛል። አንድ ክሊኒክ ሄጄ ከጠዋት እስከ እኩለ ቀን ወረፋ ጠበቅሁ። ከጎኔ የተቀመጡ አንዲት እናት ፊቴን አይተው ከዘንቢላቸው ሙዝ አውጥተው ገምሰው ሰጡኝ፤ ከዚያ ቀን ያተረፍኩት እሱን ብቻ ነው። ሐኪሙ «ነርቭ ነው፤ ከሥራሽ ነው» ብሎ የቫይታሚን መርፌ አዘዘልኝ። እጅጌሽን ሰብስቢ አላለኝም። እኔም አላሳየሁትም፤ ነርቭን ከቋቁቻ ምን አገናኘው ብዬ።

መርፌው አልያዘልኝም። ቤተ ክርስቲያናችን ጾም ጸሎት ሲታወጅ እጄን ይዤ ገባሁ፤ ሦስት ቀን ተጸለየልኝ። በሳምንቱ ገደማ እሳቱ ጠፋ። ጭራሽ። ጠዋት ተነሥቼ እጄን ባየው እንደ ሌላ ሰው እጅ ጸጥ ብሎ ተቀምጧል።

እኛ የወንጌል አማኞች ጌታ ያደረገልንን ይዘን ዝም አንልም፤ እሑድ ቀን ወጥተን እንመሰክራለን። እኔ ደግሞ ወሬ ይጥመኛል፤ ያየሁትን ሳወራ ትንሽ ጨው አልሰስትም። መጋቢያችን ማይኩን ሰጡኝ። ጉንዳኑን ነገርኳቸው፣ እሳቱን ነገርኳቸው፣ ሐኪም እንዳቃተው ነገርኳቸው። «መርፌውን ትቼዋለሁ፤ ከእንግዲህ ሐኪም ቤት ምን አለኝ» አልኩና እጄን ከፍ አድርጌ ጣቶቼን ዘረጋሁ። እልልታው ለረጅም ጊዜ አልቆመም።

ከጉባኤው በኋላ አንዲት ወጣት ሴት በር ላይ ጠበቀችኝ። ዘነበች ትባላለች፤ ቤቷ ከከተማው ውጪ ላንቴ ነው፣ ሲቀላ ገበያ ሙዝ ታመጣለች። ነጠላዋን ገለጥ አድርጋ ክንዷን አሳየችኝ። ነጣ ያለ፣ ደረቅ ቦታ።

«እኔንም እንዳንቺው ይነዝረኛል» አለች። «የቀበሌያችን ጤና ኤክስቴንሽን አርባ ምንጭ ሄደሽ ተመርመሪ ብላኝ ነገ ካርድ ላወጣ ነበር።»

«አሁንስ?»

«አሁንማ አንቺን ሰማሁ። በተፈወሰው እጅሽ ጸልዪልኝ እህት አበበች።»

ግራ እጄን ቦታው ላይ ጭኜ ጸለይኩላት። ይለቅሻል፣ አትፍሪ አልኳት። ቆዳዋ ሙቅ ይሁን ቀዝቃዛ ለብዙ ጊዜ አላስታውስም ስል ነበር። እውነቱ ያ አይደለም። በትንሿ ጣቴ በኩል ያሉት ጣቶቼ ምንም አልነገሩኝም።

ከዚያ ክሩ ተናገረ። አንድ ጠዋት ጋሽ ሾንካ የፈተልኩትን ይዘው ደጃፌ ቆሙ።

«ይሄን ማን ፈተለው?»

«እኔ ነኛ ጋሽዬ።»

«አንቺ አይደለሽም። ያንቺን ክር ዓይኔን ታስሬ አውቀዋለሁ። ይሄ እዚህ ጋ ትል ነው፣ እዚህ ጋ ፀጉር ነው። መወርወሪያዬ ውስጥ አሥር ጊዜ ተበጠሰ።»

«እርጅና ነዋ።»

«የማን? የኔ ወይስ ያንቺ?» አሉና ሳቁ። «ሥራ በዝቶብሽ ለጎረቤት ሰጥተሽ ከሆነ ንገሪኝ፤ አልቀየምም።»

ተናደድኩ። እንዝርቴን አንሥቼ ፊታቸው ተቀመጥኩ። እኔ ስፈትል ባዘቶውን መዳፌ ውስጥ አቅፈው የሚይዙት ትንሿና የቀለበት ጣቴ ናቸው፤ እነሱ በልክ ሲለቁ ነው ክሩ እኩል የሚወጣው። ፈተልኩ፣ ፈተልኩ። ጋሽ ሾንካ ክሩን ትተው ጣቴን ማየት ጀመሩ። ሳቃቸው ቀረ።

«ትንሿ ጣትሽ ለብቻዋ ነው የቆመችው» አሉ።

«ምን ትሁን?»

«አጎቴም ሸማኔ ነበር። እንዲህ ነበር የጀመረው።» አጎታቸው ምን እንደሆኑ አልነገሩኝም። «ነገ ጤና ጣቢያ ሂጂ።»

«ጌታ ፈውሶኛል እኮ ጋሽዬ። እርስዎም ሰምተዋል።»

«ይፈውስሽ። ነገ ሂጂ።»

አልሄድኩም። በስንት ሰው ፊት ሐኪም ቤት ምን አለኝ ብዬ በምን ፊቴ ሐኪም ቤት እታያለሁ?

በዚያው ሳምንት ማታ ኩርኩፋ ሠራሁ። የበቆሎውን ድብልብል ከሽፈራው ቅጠል ጋር አብስዬ ድስቱን በጨርቅ ይዤ አወረድኩ፣ መሬት ላይ ሳስቀምጥም ከታደለ ጋር እያወራሁ ነበር። ታደለ አፍንጫውን ነፋ ነፋ አደረገ።

«ምንድን ነው የሚሸተው? ሥጋ አለ እንዴ?» አለ ደስ ብሎት።

ሥጋ አልነበረንም። ቁልቁል ሳይ የግራ እጄ ጠርዝ ድስቱ ላይ ተጣብቋል።

ጩኸት አልወጣኝም፤ ለምን እጮኻለሁ፣ ምንም አላመመኝም። የጮኸው ታደለ ነው። እጄን ሲያላቅቀው ቆዳዬ ድስቱ ላይ ቀረ፤ እኔ ሌላ ሰው ሲያክሙ እንደማይ ሆኜ አየሁት። ያን ሌሊት ያስፈራኝ ቁስሉ አይደለም፤ አለማመሙ ነው። ማን እንደሆነ የማላውቀው ነገር እጄን ከእኔ ለይቶ ወስዶታል።

ሲነጋ ታደለ ይዞኝ ሄደ፤ ጤና ጣቢያው ውስጥ ቁስሌን ያሰረችው ነርስ እንዳላመመኝ ስትሰማ ወደ መጨረሻው ክፍል መራችኝ። በሩ ላይ የሳንባ ነቀርሳና የሥጋ ደዌ ይላል። ሁለቱን ቃል አነበብኩና ሁለተኛውን እንዳላነበብኩ ሆኜ ኒም ዛፉ ሥር ካለው አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። ከጎኔ የሚያስሉ ሰዎች አሉ። ከእነሱ ፈቀቅ አልኩ። ስወጣ ደግሞ ፈቀቅ ማለት የነበረባቸው እነሱ ናቸው ብዬ አሰብኩ፤ በኋላ ግን እሱም ስህተት እንደነበር ገባኝ።

ሲስተር ሕይወት ትባላለች። ከሰሜን ተመድባ መጥታ እዚሁ የቀረች፣ ንግግሯ ቀስ ያለ ሴት ናት። እጅጌዬን እስከ ትከሻዬ አስሰበሰበችኝ። ከዕቃዋ መካከል ትንሽ ጥጥ ቀንጥባ ጫፉን አሾለችው።

«ዓይንሽን ጨፍኚ። ጥጡ ሲነካሽ የነካሽን ቦታ በጣትሽ አሳዪኝ።»

ጨፈንኩ። ቀኝ ክንዴን ነካችኝ፤ አሳየኋት። ቀኝ ጣቴን፤ አሳየኋት። ከዚያ ዝም አለች። ጠበቅሁ። ከግቢው ውጪ ባጃጅ ጥሩምባ ይነፋል፣ አግዳሚው ላይ አንድ ሰው ያስላል። ስትቆይብኝ ጊዜ፦

«ሲስተር፣ ግራውን መቼ ነው የምትጀምሪው?» አልኳት።

ዓይኔን ስገልጥ ጥጡ ክንዴ ላይ ነበር።

ዕድሜዬን በጥጥ ነው የኖርኩት። ጥጥ ሲነካኝ ግን አላወቅሁም። እዚያው አለቀስኩ፤ የበሽታዬን ስም ገና ሳትነግረኝ።

ከክርኔ ውስጥ በኩል ጣቷን አስገብታ አንድ ነገር ዳሰሰች፤ እንደ ወፍራም ገመድ ቆዳዬ ሥር ተጋድሟል። ነርቩ ነው አለች፤ አብጧል። ከዚያ ስሙን ነገረችኝ። ስብከት ላይ ብቻ የምሰማው ስም ነበር። ታደለ ኮፍያውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ።

«ጀርሙ ቀርፋፋ ነው» አለችን። «ቆዳና ነርቭ ውስጥ ተደብቆ ዓመታት ይቀመጣል። ሰውነትሽ ሲነቃበት ጠባቂዎቹን ይልካል፤ ነጭ የደም ሴሎች ነው የምንላቸው። አንዳንዶቹ ጀርሙን ይውጣሉ፣ አንዳንዶቹ ለሌሎቹ ይጣራሉ፣ ተሰብስበው ይከቡትና አጥር ያበጁለታል። ይሄ የነጣው ቦታ የዚያ ውጊያ ምልክት ነው።»

«እና ሁሉም ሰው እንዲህ ነው የሚያወጣው?» አላት ታደለ።

«አይደለም። የአንዳንድ ሰው ሴሎች ጀርሙን ይውጡትና አይገድሉትም፤ ቤት ይሆኑታል። እዚያ ሰው ላይ መላ አካሉን ያዳርሳል። ያንቺዎቹ ብርቱ ናቸው፤ ለዚህ ነው ቦታው አንድ ብቻ የሆነው። ችግሩ ግን የሚዋጉት ነርቭሽ ውስጥ ገብተው ነው። ነርቩ በመካከል ይጨፈለቃል።»

«ግን ሕመሙ ጠፍቶልኝ ነበር እኮ። ተጸልዮልኝ...»

ሲስተር እጄን ያዘችው፣ ባልሞተው በኩል። «መጸለይሽን አትተዪ። ሕመሙ የጠፋው ግን ነርቩ ተሽሎት አልነበረም። መናገር አቅቶት ነው።»

መድኃኒቱ በነፃ ነው፤ ይድናል፤ ከጀመርሽ በኋላ ለሰው አታስተላልፊም አለች። ታደለንም አገላብጣ መረመረችው፤ ንጹሕ ነው። ለስድስት ወር የሚዋጥ ኪኒን ጀመርኩ። በወር አንድ ቀን እዚያው ፊቷ የምውጠው ሽንቴን ቀይ ያደርገዋል፤ ቀድማ ባትነግረኝ ኖሮ ደሜ አለቀ ብዬ በድንጋጤ እሞት ነበር። ለሰው ግን አልነገርኩም። ለጋሽ ሾንካ እጄን ተቃጠልኩ አልኳቸው። ቤተ ክርስቲያን ኋላ ተቀምጬ ቶሎ እወጣለሁ። ገበያም መውጣት ተውኩ።

በሦስተኛው ወር ክንዴ ላይ ያለው ቦታ ተነሣ። ቀላ፣ አበጠ፣ ጋለ። ክርኔን ልብስ ሲነካው እንኳ ያመኛል። ሁለቱ ጣቶቼ ወደ መዳፌ መታጠፍ ጀመሩ። ኪኒኑ እየገደለኝ ነው አልኩ። ሌላም አሰብኩ፦ በጌታ ስም ያልሆነውን ሆነ ብዬ አውርቻለሁ፣ ዋጋዬን እየከፈለኝ ነው። ኪኒኑን ከሣጥን ሥር ከተትኩና ተኛሁ። ቀናቱን አልቆጠርኩም። ጠዋት ጠዋት ጣቶቼን በሌላው እጄ ለማቅናት እሞክራለሁ፤ ስለቃቸው ይመለሳሉ። አንድ ጠዋት ታደለ ሣጥኑን ከፍቶ አየ። ጫማዬን አምጥቶ እግሬ ሥር አስቀመጠ።

ሲስተር ሕይወት ገና ከበር ስታየኝ ፊቷ ተለወጠ።

«መቼ ጀመረሽ?»

ነገርኳት።

«ይሄ መድኃኒቱ አይደለም። ጀርሙም አይደለም፤ እሱማ እየሞተ ነው። ጠባቂዎችሽ ናቸው። ከጀርሙ የተረፈውን ስብርባሪ አይተው እንደ አዲስ ተነሥተዋል።»

ታደለ ራሱን ነቀነቀ። «ገባኝ» አለ። «እኛ ጫኖ ጉማሬ ከሐይቁ ወጥቶ ማሳ ውስጥ ሲገባ መንደሩ በሙሉ ዱላ ይዞ ይገባበታል። ሲነጋ ሄደሽ ስታዪው ጉማሬው ከበላው ሙዝ የሰው እግር የሰበረው ይበልጣል።»

«ልክ እንደሱ» አለች ሲስተር። «አሁን ሰዎቹን ከማሳው ማስወጣት ነው ያለብን።» የሚያረጋጋቸውን ኪኒን ሰጠችኝ፤ ያኛውንም አንድ ቀን እንዳላቋርጥ አስማለችኝ። ጣቶቼን አንድ በአንድ ለማቅናት ሞከረች። «ያበጠ ዕለት መጥተሽ ቢሆን...» አለችና ተወችው።

ያላለቀው ንግግሯ ነው ዘነበችን ያመጣብኝ። እኔ ቀናት ነው የዘገየሁት። እሷን ስንት ወር አዘግይቻታለሁ?

ስለ እጄ እዚህ ጋ ልጨርስላችሁ። ኪኒኑን ጨርሻለሁ፤ በሽታው የለብኝም። እብጠቱ ወርዷል፤ ከእጄ ጠርዝ ላይ ትንሽ ስሜት ተመልሶልኛል፤ ሁለቱ ጣቶች ግን እንደታጠፉ ቀሩ። ባዘቶውን አሁን በሌሎቹ ጣቶች መያዝ ለምጃለሁ። እውነቱን የነገርኳቸው ዕለት ጋሽ ሾንካ የፈተልኩትን ክር በጣታቸው አሹት፣ አሹት፣ «ለቡልኮ ይሆናል፤ ቡልኮ ወፍራም ነው የሚወደው» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ቡልኮ መሥራት አበዙ፤ ሸማኔ ደጅ ግን ስንት ቡልኮ እንደሚታዘዝ አውቃለሁ። ለእኔ ሲሉ ነው ያበዙት።

ወደ ዘነበች ልመለስ። እብጠቱን አሳይቼ ከጤና ጣቢያ በተመለስኩበት ሳምንት መጋቢያችንን ማይክ ለመንኳቸው። ታሪኩንም ነገርኳቸው።

«እህቴ፣ ሰው ይሰናከላል» አሉኝ።

«የተሰናከለችውን እኔ አውቃታለሁ መጋቢ። ላንቴ ናት።»

ሰጡኝ። የፊተኛውን ምስክርነት እንደገና አወራሁት፤ በዚህ ጊዜ ጨው የለበትም። የበሽታዬን ስም ጠርቼ የታጠፉትን ጣቶቼን አሳየሁ። እልልታ አልነበረም። ፊት ለፊት የተቀመጡ አንዲት ሴት ልጃቸውን ወደ ጉያቸው ሰበሰቡ። ስወርድ መጋቢው እጄን ይዘው አወረዱኝ፤ ግራውን። ዓይኔ ግን ወንበሩን ሁሉ እየፈለገ ነበር። ዘነበች አልመጣችም።

በማግስቱ ከመናኸሪያ ላንቴ የሚሄድ ሚኒባስ ያዝኩ። መንገዱ ዳር ወርጄ ሙዙን ሰንጥቆ በሚያልፈው ቦይ ጠርዝ እየጠየቅሁ ሄድኩ። ዘነበች ደጇ ላይ የሙዝ ቅጠል ትከምራለች። የግራ እጇ አውራ ጣት በጨርቅ ታስሯል፤ ጨርቁ ደም አለበት። ስታየኝ ፊቷ በራ።

«እህት አበበች፣ ልመጣልሽ ነበር እኮ። ያ የሚነዝረኝ ነገር ጠፋ። ጭራሽ ጠፋ። የፊታችን እሑድ ልመሰክር ነው።»

«እጅሽን ምን ሆንሽ?»

«ማጭድ ነው። ምንም አላመመኝ።»

በረንዳዋ ላይ አስቀመጥኳት። ነጠላዋን ከክንዷ ገለጥኩ። ቦታው ሰፍቷል፤ የቅጠሉ ብናኝ ላቧ ላይ ተለጥፎ እሱን ብቻ ዘሎታል። ከመቀነቴ ባዘቶ ቀነጠብኩና ጫፉን አሾልኩት።

«ዓይንሽን ጨፍኚ» አልኳት። «ሲነካሽ አሳዪኝ።»

ለጸሎት መስሏት በፈገግታ ጨፈነች። ክንዷን ነካሁት። ከጨርቁ ዝቅ ብሎ የአውራ ጣቷን ሥር ነካሁት። እንደገና ክንዷን። ቦዩ ውስጥ ውኃው ይሄዳል፤ እሷ ፊቷን ወደ እኔ አድርጋ በትዕግሥት ትጠብቃለች።

«እህት አበበች» አለች ቆይታ፣ «መቼ ነው የምትጀምሪው?»

ጥጡን ከክንዷ ላይ አላነሣሁትም።

«ጀምሬያለሁ ዘነበች» አልኳት። «ነጠላሽን ልበሺ። መኪና እያለ እንሂድ።»